ላዳ በቋንጣ ማድረቂያ

ሬኒየር ተራራ 4,392 ሜትር ይረዝማል። ለ24 ሲካፈል 183 ሜትር ይሆናል። ስፔስ ኒድል የሚሉት የሲያትል ማማ ደግሞ 184 ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ ፈት ተነሥቶ ተራራውን በ1/24 መጠን ልሥራው ቢል፣ አንድ ሜትር ብቻ ጎድሎት ከማማው ጎን ይቆምለታል። ራስ ዳሽንን ቢሠራማ ማማውን ቁልቁል ያየዋል! ይህን ሒሳብ ያወጣሁት ከሰፈራችን ከሬኒየር ቢች ወደ መሀል ከተማ በ7 ቁጥር አውቶቡስ ስሄድ ነው። አጠገቤ ለተቀመጡ አንዲት እናት ባስረዳቸው «ልጄ፣ እንቅልፍስ ታገኛለህ?» አሉኝ።

አገኛለሁ። ግን ሞዴል መኪና የሚሠራ ሰው ያየውን ሁሉ ለ24 ማካፈል ይጀምራል። የሚስቱን ቁመት፣ የጎረቤቱን ቪላ፣ የእንጀራ ምጣዱን። ለምን ለ24 ቢባል ጃፓኖች የመኪና ሞዴል የሚሠሩት በአብዛኛው በዚያ መጠን ስለሆነ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ 1/25 ይመርጣሉ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታቆሟቸው ግን አንዷ የሌላዋ ታናሽ እህት ትመስላለች። ስለ ታንክ ሞዴል ደግሞ ልንገራችሁ። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በሞተር የሚሄድ የፓንተር ታንክ ሲሠራ መጠኑን የወሰነው በባትሪው ነው። ባትሪውና ሞተሩ ሆዱ ውስጥ ይግቡለት እንጂ ለሌላው ግድ አልነበረውም። በኋላ ሲለካ 1/35 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይኸው እስከ ዛሬ የዓለም ታንክ ሠሪ ሁሉ 1/35 ይላል። እኛም ቤት ውስጥ ስንቱ ደንብ እንዲሁ ነው የወጣው።

ነገርን አሳንሶ መሥራት ለሰፈራችን እንግዳ አይደለም። ኩቦታ ገነትን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፉጂታሮ ኩቦታ የተባለ ጃፓናዊ አትክልተኛ በ1927 እዚሁ ረግረጋማ መሬት ገዝቶ ኩሬውን፣ ፏፏቴውን፣ ኮረብታውን በገዛ እጁ ጀመረው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጃፓናዊ ነህ ብለው ከነቤተሰቡ አይዳሆ ወዳለ ካምፕ አግዘውት ቦታው ዳዋ ለበሰ። ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ባለቤቴ ሠርግ በመጣ ቁጥር ሙሽሮች እዚያ ፎቶ ሲነሡ ታጅባለች፤ ኩቦታን ታደንቃለች። እኔ አሳንሼ ስሠራ ግን «ልጅነትህ አገረሸ» ነው የምትለው።

ቢያገረሽስ? የኛ ዘመን ልጅ መኪና ገዝቶ አያውቅም፤ ሠርቶ ነው የተጫወተው። ሽቦ ከአጥር፣ ቆርኪ ከቡና ቤት ደጃፍ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ከጎረቤት ቆሻሻ፣ ጎማው ደግሞ ከተበጠሰ ሲሊፐር ሶል። ረጅም እንጨት ላይ መሪ ይበጅለትና ቆመው፣ እየሮጡ፣ በአፍ ማርሽ እየቀየሩ ነው የሚነዳው። ትልልቆቹ ከጋራዥ ኩሽኔታ ለምነው ሳንቃ ላይ ይገጥሙና ቁልቁለቱን ሲለቁት ሰፈሩ በሙሉ በጩኸት ይናወጣል። በዚያ ጊዜ መጠን የሚባል ነገር አልነበረም። ጎማው ከኮፈኑ ቢበልጥ ማንም ዳኛ አይመጣም።

እዚህ አገር ግን ሁሉም በካርቶን ነው። ካርቶኑን ስትከፍቱት የመኪናው ብልት በሙሉ ፕላስቲክ ፍሬም ላይ በቁጥር ተያይዞ ታገኙታላችሁ። በቶሮንኬዚን ቆርጦ፣ ጠባሳውን በብርጭቆ ወረቀት አልሶ፣ በፈሳሽ ማገጣጠም ነው። ፈሳሹን ሙጫ ይሉታል እንጂ ሙጫ አይደለም፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ እርስ በርሱ የሚበይድ ነገር ነው። የመጀመሪያዬ ቮልስ ነበረች፤ ታሚያ የሚያወጣት የ1966 ቮልስዋገን 1300። የገዛኋት ለልጄ ነው። ልጄ ካርቶኑን ገልብጦ አይቶ «ሲያልቅ ይሄዳል?» አለኝ። አይሄድም ስለው ወደ ስልኩ ተመለሰ። ቮልሷ እኔ እጅ ላይ ቀረች። የፊት መስተዋቷን በሱፐር ግሉ ባጣብቀው፣ ሲደርቅ በሚያወጣው ጭስ ነጭ ጉም ለበሰ። መድኃኒቱ የወለል ማሳመሪያ ፖሊሽ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ነው፤ ጉሙ ይጠፋል። ወለላችን ፖሊሽ አይቶ እንደማያውቅ ያስተዋለችው ባለቤቴ ጠርሙሱን ስታገኝ መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር።

ወደ ላዳ ልምጣ።

የአዲስ አበባ ሰው ሆኖ ሞዴል መኪና የሚሠራ፣ ውሎ አድሮ ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲ ሳያምረው አይቀርም። የሞዴል ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን ያለው ማስታንግ ነው፤ ካማሮ ነው፤ በጎን በኩል እሳት የተሳለበት ፎርድ ነው። ላዳ አሜሪካ ውስጥ ተሽጣ አታውቅም። ካናዳ ድረስ መጥታ ለዓመታት ተሽጣለች፤ ይህችን ድንበር ግን አልተሻገረችም። ስለዚህ ከምሥራቅ አውሮፓ ተሠርታ ያለቀች፣ ከብረት የተቀረጸች አንዲት ላዳ በኢንተርኔት አዘዝኩ። 1/24 ናት። እውነተኛዋ አራት ሜትር ከሰባት ሳንቲሜትር ስለሆነች፣ የኔዋ 17 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር እምብዛም አትርቅም። ቀለሟ ቀይ ነበር። ሆዷ ላይ ያሉትን ብሎኖች ፈታሁና ቆዳዋን የፍሬን ዘይት ውስጥ አሳደርኩት። የፍሬን ዘይት ቀለምን እንደሚልጥ በፓራፋንጎው ላይ ያንጠባጠበበት ሹፌር ሁሉ ያውቃል። በነጋታው በጥርስ ብሩሽ ስፈትገው ቀዩ እንደ ቲማቲም ልጣጭ ተገፈፈ።

ላዳ ጣልያን የወለዳት፣ ሩሲያ ያሳደጋት፣ አዲስ አበባ ያረጀች መኪና ናት። መሠረቷ ፊያት 124 ነው፤ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብሎ የተሸለመው። ሩሲያኖች በጣልያኑ የኮሚኒስት መሪ በቶሊያቲ ስም በተሰየመች ከተማ ፋብሪካ ተክለው በ1970 ማውጣት ጀመሩ። ሲያወጧት ግን ለመንገዳቸው አመቻችተዋታል። ላሜራውን አወፈሩት፤ ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ የኋላ ዲስክ ፍሬኗን በታምቡር ለወጡት። ደርግ ዘመን ወደኛ ስትገባ እንግዲህ ለጭቃ፣ ለድንጋይና ለበረዶ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። በረዶው አላጋጠማትም። ሌላው በሙሉ አጋጥሟታል።

ችግሩ ሰማያዊው ነበር። የትኛው ሰማያዊ? እዚህ ሬኒየር አቬኑ ላይ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። አንድ የቀድሞ የላዳ ሹፌር፣ ለዓመታት ለገሃር የቆሙ ሽማግሌ፣ ከሰዓት በኋላ አይጠፉም። ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ የታክሲው ሰማያዊ ምን ዓይነት ነበር?»

«ሰማያዊ ነዋ!»

«ደመቅ ያለ ነው ወይስ ፈዘዝ ያለ?»

«የኔ ደመቅ ያለ ነበር። የጓደኛዬ ፈዘዝ ያለ።»

በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ሁሉ ገባበት። አንዱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ ነው አለ። ሌላው የለም፣ የጤና ጣቢያ በር ነው አለ። ከጎንደር የመጣ አንድ ወዳጄ ታክሲ የሚባለው ባጃጅ ነው ብሎ ሊያቋርጠን ሲል በአንድ ድምፅ ዝም አስባልነው። ክርክሩ ሲበርድ ሽማግሌው የነገሩኝ ነገር ነው እውነቱ፤ የፋብሪካ ቁጥር ያለው ሰማያዊ አልነበረም። ላዳ በተጋጨች ቁጥር ጋራዥ ትገባለች። ባትላሜራው ይቀጠቅጥላታል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ቀቢው ጣሳ ውስጥ በእንጨት እያማሰለ በዐይኑ ያዛምዳል። የዘንድሮው የቀኝ ፓራፋንጎ ከአምናው ኮፈን ጋር አይገጥምም፤ የግራው በር ደግሞ ከሌላ ላዳ የተነቀለ ነው። «አንድ ወጥ ሰማያዊ ከቀባሃት ላዳ አይደለችም፤ ስጦታ ናት» አሉኝ።

የሞዴል ሠሪ ሁሉ ጭንቀት ቀለሙ ወጥ እንዲሆን ነው። መጽሔቶቹ፣ ቪዲዮዎቹ፣ ሽማግሌዎቻቸው ሁሉ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ሦስት ዓይነት ሰማያዊ ገዛሁ።

የገዛሁት ላከር ስፕሬይ ነው። ላከር ፈጥኖ ይደርቃል፤ ጥሩነቱም ክፋቱም እሱ ነው። ውስጡ ያለው ማቅጠኛ ቶሎ ሲተን የተቀባውን ነገር ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ጤዛ ያዝልና ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ሬኒየር ቢች ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው አየር ምን ዓይነት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ሐይቁ ከፊት፣ ዝናቡ ከላይ። በረንዳ ላይ ቀባኋት፤ ወተት ሆነች። ፍቄ እንደገና ቀባኋት፤ እርጎ ሆነች። ስለዚህ ወደ መታጠቢያ ቤት አስገባኋት፤ የጭስ ማውጫ ፋኑን ከፈትኩ፤ ጭንብሌን አጠለቅኩ፤ በሩን ዘጋሁ።

ባለቤቴ ደግሞ የዚያን ዕለት ቡና ልታፈላ ነው። የሞዴል ቀለም ሽታ በበሩ ሥር ሾልኮ ሳሎን ሲደርስ፣ እሷም በራሷ መንገድ መከተችው፤ ዕጣን ጨመረች። እኔ ሁለተኛውን ሰማያዊ ስረጭ እሷ ዕጣኑን ደገመች። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቡናው ምጣድ ላይ መጨስ ጀምሯል። ያን ጊዜ ነው የሕንፃው የእሳት አደጋ ደወል የጮኸው።

ላከር ነዳጅ ነው። ከሰል አጠገብ እሱን መርጨት ምን እንደሆነ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኛው በትህትና አስረድቶኛል፤ ደግሜ አልሞክረውም፤ እናንተም አትሞክሩት። ደግነቱ በሩ ተዘግቶ ነበር። ደወሉን ያስጮኸው ከኛ ሳሎን የወጣው ጭስ ነው። ሕንፃው በሙሉ ዝናብ ላይ ወጣ። የፊሊፒኗ ነርስ ከሌሊት ሥራ ገብታ ተኝታ ነበር፤ በብርድ ልብስ ወጣች። የሶማሌው ጎረቤቴ ልጆቹን ተሸክሞ ወረደ። እኔ ጭንብሌን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ እጆቼ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆነው፣ አንዲት እርጥብ ላዳ በእንጨት ጫፍ ሰክቼ ይዣለሁ። ባለቤቴ ጀበናዋን ይዛ ነው የወጣችው። ጀበናና ላዳ ይዘው ከሚቃጠል ቤት የሚወጡ ባልና ሚስት ያየ እሳት አደጋ ሠራተኛ ምን ያስባል?

«ምንድነው የያዝከው?» አለኝ።

«ታክሲ» አልኩት።

አየኝና፣ ላዳዋን አያትና፣ ወደ ላይ ወጣ። ሲመለስ ቡናው ጥሩ ይሸታል አለ። ያቺ ነርስ ግን አሁንም አሳንሰር ውስጥ ስታየኝ በደረጃ ትሄዳለች።

አሁን እርጥቧን ላዳ ስላስገባሁበት ማድረቂያ ልንገራችሁ። ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። የሞዴል መኪና ሰዎች ቀለም ለማድረቅ ከሚጠቀሙባቸው ዕቃዎች አንዱ የምግብ ማድረቂያ ማሽን ነው። ክብ፣ ባለፎቅ፣ ከሥሩ ሞቅ ያለ አየር የሚነፋ። በትንሹ ሙቀት፣ ለብ ባለው፣ ሌሊቱን ሲነፋው ያደረ ቀለም እንደ ብርጭቆ ይጠነክራል። እኛ ቤት አንድ አለ። ባለቤቴ የገዛችው ለቋንጣ ነው። ሲያትል ውስጥ ገመድ ዘርግታችሁ ቋንጣ አደርቃለሁ ብትሉ የምታገኙት ሻጋታ ስለሆነ ብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ይህ ማሽን አይጠፋም። ሥጋው በበርበሬና በጨው ታሽቶ ይደረደራል፤ በነጋታው ቋንጣ ነው።

ከላይ ያሉትን ሦስት ፎቅ አውጥቼ ላዳዋን አስገባኋት። ማሽኑ ታጥቦ፣ ተወልውሎ ነው የተቀመጠው። ሞቅ ያለው አየር ግን ሰው የማይደርስበት ጥግ ይደርሳል። ከሥሩ ካለው ፋን ውስጥ፣ ከስንት ፋሲካ በፊት ጀምሮ የተጠራቀመ የበርበሬ ብናኝ ተነሥቶ፣ ገና ያልደረቀው ሰማያዊ ቀለም ላይ ሌሊቱን ሲያርፍ አደረ። ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው አስነጠሰኝ። ላዳዋ ላይ፣ በተለይ በበሮቹ ግርጌና በፓራፋንጎው ጠርዝ፣ ቡናማ ቀይ ነጠብጣብ ተዘርቶባታል። ቀለሙ ከላዩ ደርቆበታል። አይነቀልም።

ባለቤቴን ያናደዳት ሌላ ነው። የሚቀጥለውን ቋንጣ አውጥታ ስታሸተው ጋራዥ ጋራዥ ይላል። ለእንግዳ የተሰናዳ ነበር። ዝርዝሩ ይቅር።

ላዳዋን እንዲያው ከመጣሌ በፊት ብዬ ለሽማግሌው ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛው ላይ አዟዟሯት። ቡና ቤቱ ጸጥ አለ።

«ዝገቱ» አሉ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እሱ እንኳ...»

«ዝገቱ ልክ ነው! እዚህ በር ሥር ነው የሚጀምራት። ውሃ የሚቋጥርበት። እዚህም፣ ከጎማው በላይ። ማን አሳየህ?»

ከዚያ ግን ዳኝነት ጀመሩ፤ እንደዚያ ያለ ዳኛ ሬንተን በሚደረገው የሞዴል ውድድር ላይ እንኳ አላየሁም። ፖርቶ መጋላዋ የታለ? የጎማዎቿ ቸርኬ ለምን አራቱም አንድ ዓይነት ሆነ? ታርጋዋ ኮድ 1፣ ጽሑፉ ቀይ መሆን ነበረበት። ዳሽቦርዱ ላይ ምንጣፍ የለም። የማርያም ሥዕል የለም። ከዚያ በሩን በጥፍራቸው ከፈት አድርገው ወደ ውስጥ አጮለቁ።

«አራቱም በር ላይ የመስኮት ማዞሪያ አለ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የማን ላዳ ናት? የሚኒስትር? አንዲት ማዞሪያ ትበቃለች። እሷም በር ላይ አትኖርም። ሹፌሩ ጋ ናት፤ ተሳፋሪ ሲሞቀው ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፣ ከፍቶ ይመልሳል። አራቱንም ንቀል።»

የላዳ መስኮት ማዞሪያ በ1/24 ስንት እንደሚሆን አስቡት። ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነገር ነው። በወረንጦ ይዤ አራቱንም ነቀልኩ። ሦስቱ ዘለው የሳሎኑ ምንጣፍ ውስጥ ገቡ፤ እስካሁን እዚያው ናቸው። አራተኛዋን ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። በሩ ተዘግቶ ማንም አያያትም፤ እሳቸው ግን በመጡ ቁጥር ከፍተው ያረጋግጣሉ።

በየዓመቱ በጸደይ የሲያትል የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ሬንተን ውስጥ ትርኢት ያዘጋጃል። አዳራሹ ሙሉ ጠረጴዛ ነው፤ አውሮፕላን፣ ታንክ፣ መርከብ፣ መኪና። ቦይንግ 737 የሚገጣጥምበት ከተማ ስለሆነ አውሮፕላን ሠሪዎቹ ክንፍ ሲያዩ ቀልድ አያውቁም። የመኪናው ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ያብረቀርቃል። ኮፈኑ ላይ ፂም መላጨት ይቻላል። መሀላቸው የኔዋ ቆመች፤ የቀኝ ፓራፋንጎዋ አንድ ሰማያዊ፣ ኮፈኗ ሌላ ሰማያዊ፣ በሯ ሦስተኛ፣ ሥሯ በርበሬ። ዳኛው በትንሽ ባትሪ እያበራ አጎንብሶ ብዙ ቆየባት። ጎማዎቿ አራቱም መሬት መንካታቸውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ዝገቱን በምን ቀለም እንደሠራሁት ጠየቀኝ።

«በርበሬ» አልኩት።

የትኛው ኩባንያ እንደሚያወጣው ጠየቀኝ።

«የአክስቴ ልጅ ናት ከአዲስ አበባ የምትልክልኝ» አልኩት። ማስታወሻው ላይ ጻፈው። የጻፈውን ለማየት ብጓጓም ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ሽልማቱን ከጎኗ የቆመችው ማስታንግ ወሰደች፤ ይገባታል፤ ፂም ይላጭባታል።

ከዚያ ወዲህ ቡና ቤት ውስጥ ሰላም የለኝም። አንዱ የአባቱን ፊያት ስድስት መቶ አምጣልኝ ይላል። ሌላው ውይይት ታክሲ ፈልጎ ከኋላ አግዳሚው ላይ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ በስልኩ ሥዕል ሠርቶ ልኮልኛል። አንድ የከባድ መኪና ሰው የአሰብን መንገድ የሠራበትን ኤንትሬ ከነተሳቢው አዟል፤ ያ በ1/24 ሲሠራ ከኛ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይረዝማል። ቀይና ቢጫ አንበሳ አውቶቡስ የጠየቁኝ እመቤት ትኬት ቆራጯም ትግባበት ብለዋል። የጎንደሩ ወዳጄ ባጃጁን ትቶ አሁን የባሕር ዳር ጋሪ ነው የሚለው፤ ፈረሱን ማን እንደሚሠራው አልተነጋገርንም።

ሁሉም ደግሞ ዝገቱን ይፈልጋል። ባለቤቴ አዲስ ማድረቂያ ገዝታ ክዳኑ ላይ በወፍራም ማርከር «የሥጋ ብቻ» ብላ ጽፋለች። አሮጌውን ለኔ ለቃለች። ፋኑ ውስጥ ያለው በርበሬ ግን እያለቀ ስለሆነ፣ ትናንት ማታ ከጓዳ ሁለት ማንኪያ ስወስድ ያዘችኝና ሚጥሚጣውን እንጂ የወጡን በርበሬ እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። ሚጥሚጣ ደግሞ ለዝገት ይቀላል፤ ብርቱካን ይመታል። ለኤንትሬዋ ስፖንዳ ሳይሆን አይቀርም።